የኢታንግ ወጣቶችና የባሮ ዳር እርሻ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ካለፈው ጉባኤ ወዲህ በሞት የተለዩንን አባሎቻችንንና ቤተሰቦቻቸውን በማሰብ ነፍስ ይማር እንላለን። ላዘናችሁ ሁሉ ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጣችሁ። ቀጥሎም በትምህርትና በእርሻ ሥራ ላይ የተሠማራን ጥቂት አባሎች ስለ ወጣቶች የእርሻ ትምህርት እንድንናገር ኮሚቴው ስለ ፈቀደልን፣ ንግግራችንም በዓመታዊው መጽሔታችን ላይ እንዲወጣ ስለ ወሰነ ከልብ እናመሰግናለን።

አንዳንዶቻችሁ «እድር ስለ ቀብር እንጂ ስለ በቆሎ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልስ ሳንሰጠው አናልፍም። በኀዘን ቀን ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚሸከመው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ወጣቱ ነው አይደለም ወይ? ይህ ወጣት የሚሠራው አጥቶ መጀመሪያ ወደ ጋምቤላ ከተማ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እድሩ በሽማግሌዎች ትከሻ ላይ ብቻ ይቀራል። የቀረውም ወጣት ቢሆን እጁን አጣጥፎ ሲውል ለክፉ ወሬና ለጠብ የተመቸ ይሆናል። በቅርብ ዓመታት በኢታንግና በጋምቤላ አካባቢ በተደጋገሙት ግጭቶች ገና ያልጎለመሱ ልጆችን ቀብረናል። አባት ልጁን ሲቀብር ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ በዚህ አዳራሽ ላላችሁት መንገር አያስፈልግም።

ሌላም ምክንያት አለን። አንድ የወንዝ ዳር ገበሬ ስንቀብር ስለ ባሮ የሚያውቀውንም አብረን አፈር እናለብሳለን። ውሃው መቼ ይመጣል? የትኛውን ዳርቻ ይበላል? በየትኛው ላይ ደለል ይጥላል? ሲሸሽ በስንተኛው ቀን ዘር ይገባል? ይህን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የጻፈላቸው ግን የለም፤ ልጆቻቸውም ቁጭ ብለው አልተማሩም። የሰውን አስከሬን በክብር መቅበር የእድራችን ግዴታ ነው። የሰውየውን ዕውቀት አብረን እንድንቀብር ግን ማንም አላዘዘንም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

«የዛሬ ልጅ እርሻ አይወድም» የሚል አነጋገር በየቤቱ ይሰማል። እስቲ ልጁ እስካሁን የሚያውቀው እርሻ የትኛው ነው? ቤት ውስጥ ሲያጠፋ «ሂድና ቆፍር!» ይባላል። ትምህርት ቤት ሲያረፍድ ለቅጣት አረም እንዲነቅል ይላካል። ፈተና ሲወድቅ ደግሞ «እንግዲህ ገበሬ ሆነህ ትቀራለህ» እየተባለ ይሰደባል። እርሻን የቅጣት ስም አድርገን ካስተማርነው በኋላ ለምን አልወደድክም ብለን ብንቆጣው ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

አንድ ትምህርት ቤት (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) ተማሪዎቹን ጎመንና ቲማቲም አስተክሎ ነበር። ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ ውሃ እየተሸከሙ አጠጡ፤ አረሙ፤ ፍየል ጠበቁ። አትክልቱ ሲደርስ ግን ወዴት እንደ ገባ አላወቁም። ሽያጩም አልተነገራቸውም፤ ቅጠሉንም አልቀመሱም። በሁለተኛው ዓመት ለአትክልቱ ቦታ ስማቸውን ያስመዘገቡት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ያን ጊዜ ልጆቹ «ሰነፎች» ተባሉ። እነርሱ ግን በደንብ ተምረው ነበር፤ የተማሩት ትምህርት «የለፋ አይበላም» የሚል ሆነና ነው እንጂ።

አሁን ወደ ራሳችን መሬት እንምጣ። ኢታንግን ከሩቅ ሆኖ ያላሰባት ወገን የለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል አራተኛ አንቀጽ ላይ የኢታንግ ስም በግልጥ ተጽፏል። በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ይላል። ጣቢያው የቆመው ግን ከእኛ ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የንግድ ጣቢያው ዘመን አበቃ።

ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ወገኖች እዚሁ ኢታንግ ሰፈሩ። ቁጥራቸው ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ደርሶ፣ መጠለያው በዓለም ላይ ከነበሩት ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ለመሆን በቅቶ ነበር። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አዲስ ጦርነት አዲስ ስደተኞች አመጣና በወረዳችን ኩሌና ተርኪዲ የተባሉት መጠለያዎች ተከፈቱ።

በመካከሉ ትልቅ እርሻም መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በኢታንግና በጂካዎ ወረዳዎች 100 ሺህ ሄክታር መሬት በውል ተከራየ። መኪናው፣ ትራክተሩ፣ ምርጥ ዘሩ ሁሉ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት በ2011 ግን ባሮ ሞላ። ኩባንያው የጎርፍ መከላከያ የአፈር ክትር ቢሠራም ውሃው አልፎ ገብቶ የበቆሎውን ማሳ አጥለቀለቀው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ መንግሥት ውሉን ሰረዘ። ለውሉ መፍረስ የተባለው ምክንያት ብዙ ነው፤ እዚህ ያነሣነው የውሃውን ነገር ብቻ ነው። ገንዘብና መሣሪያ የነበረው ኩባንያ ባሮን አላወቀውም ነበር። ባሮን የሚያውቁት ከክትሩ ማዶ በየመንደራቸው የተቀመጡት አባቶችና እናቶች ናቸው።

እነርሱ የሚያውቁት ምንድን ነው? አኝዋዎች ኦፔኖ የሚሉት ባሮ ውሃውን የሚያገኘው ከእኛ ሰማይ ብቻ አይደለም። በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋ የዘነበው ሁሉ ወደ እኛ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ፀሐይ እየወጣ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በነሐሴና በመስከረም ውሃው ከዳርቻው ወጥቶ በሜዳው ላይ ይተኛል። ሲተኛ ከደጋ ያመጣውን ደለል ይጥላል። ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ ሲሸሽ ደግሞ እርጥብና ለም አፈር ትቶ ይሄዳል። ገበሬው ውሃውን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ መጀመሪያ ከፍ ያለውን ቦታ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለውን፣ በሹል እንጨት ጉድጓድ እየበሳ በቆሎና ማሽላ ይዘራል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይመጣም አፈሩ የያዘው እርጥበት ሰብሉን ያደርሰዋል። በበጋ እሸት የምንበላው በዚህ ነው።

ይህ እርሻ በሬ አይፈልግም። በሬም ቢሆን በእኛ ቆላ የገንዲ በሽታ ያስቸግረዋል። ማዳበሪያውን ወንዙ ራሱ ያመጣል። የሚፈልገው ነገር ቢኖር ጊዜን ማወቅ ነው። ፈጥኖ የዘራ ሰው ውሃው ተመልሶ ሊወስድበት ይችላል። የዘገየ ሰው ደግሞ አፈሩ ደርቆ ይሰነጠቅበታል። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀኖች ጥቂት ናቸው። እነዚያን ቀኖች ለይቶ ማወቅ የአንድ ዕድሜ ትምህርት ነው። የተማሪዎቻችን መጽሐፍ ግን ስለ ሞፈርና ቀንበር፣ ስለ ጤፍና ስንዴ ያስተምራል። ያም ለደጋው መልካም ነው። የባሮ ልጅ ግን የአባቱን እርሻ በመጽሐፉ ውስጥ ሲያጣው «ይህስ እርሻ አይደለም፤ ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ያስባል።

አገራችን ለእርሻ ትምህርት አልደከመችም ማለታችን አይደለም። የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቀጥሎም በአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ ርዳታ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመሠረተና ማስተማርን፣ ምርምርን፣ ለገበሬው ማዳረስን አንድ ላይ አያይዞ ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህም በየክልሉ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች ተከፍተው የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን በብዛት አሠለጠኑ። ለየቀበሌው አንድ የሰብል፣ አንድ የእንስሳት፣ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ እንዲመደብ፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከልም እንዲሠራ ታቀደ። በጋምቤላም ይህ ሥልጠና ደርሷል።

ልብ ብለን ስናየው ግን እነዚህ ሁሉ የሚያስተምሩት ወይ ትምህርቱን ጨርሶ ባለሙያ ሊሆን የመጣውን ነው፣ ወይ ቤትና ማሳ ያለውን ጎልማሳ ገበሬ ነው። ከ12 እስከ 16 ዓመት ያለው ልጅ በመካከል ቀርቷል። እጁ ለሥራ የሚፍታታው፣ ዓይኑ የሚከፈተው፣ ወደ ከተማ ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ የሚያስበው ግን በዚያ ዕድሜው ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ዕድሜ እንዴት እንደ ያዙት አንድ ምሳሌ እንስጥ። እ.ኤ.አ. በ1902፣ ያ የኢታንግ ስም የተጻፈበት ውል በተፈረመበት ዓመት፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ኤ. ቢ. ግራሃም የተባለ የገጠር ትምህርት ቤቶች ኃላፊ የገበሬ ልጆችን ሰበሰበ። ልጆቹ የቤታቸውን አፈር እንዲመረምሩ፣ በትንሽ ማሳ ላይ በቆሎ ዘርተው የተገኘውን እንዲመዘግቡ አደረገ። የዚያን ጊዜ ጎልማሳ ገበሬዎች ከኮሌጅ የሚመጣን አዲስ ነገር አንቀበልም ይሉ ነበር። በልጆቻቸው ማሳ ላይ ሲያዩት ግን እነርሱም ሞከሩት። እየዋለ እያደረም ፎር ኤች የሚባለው የወጣቶች ማኅበር ከዚህና ይህን ከመሳሰሉት ጅምሮች ተነሥቶ በመላው አሜሪካ ተስፋፋ። እኛ ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጁ የራሱ ማሳና የራሱ መዝገብ ነበረው።

በእኛ ዘንድ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ልጅ ብቻውን ካቦካው እውነት ነው። እናቱ አጠገቡ ቆማ ካሳየችው ግን ይበቃል። እኛም የምናቀርበው አሳብ ልጁ ከሽማግሌ ጋር የሚሠራበት ነው። አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

በመጀመሪያ የጊዜው ነገር። በደጋው አገር ዋናው የእርሻ ወራት ከትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር ስለሚገጥም ተማሪው የዘራውን ሳይመዝን ሌላ ክፍል ይገባል። በእኛ በኢታንግ ግን ውሃ ሸሽ እርሻ የሚዘራው በጥቅምት ገደማ፣ የሚሰበሰበውም በጥርና በየካቲት ነው። ትምህርት በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ያልቃል። ስለዚህ ባሮ ለትምህርት ቤቶቻችን በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተመዝኖ የሚያልቅ ሰብል ሰጥቶናል። ይህን ዕድል ብዙ ወረዳ አያገኘውም።

ቀጥሎ የማሳው ስፋት። ለአንድ ተማሪ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይበቃል። በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ብንተው ወደ 440 የሚሆን የበቆሎ ተክል ይይዛል። ዘሩ ከሩብ ኪሎ ብዙ አይበልጥም። ሃያ ተማሪ ቢኖር ማሳው ሁሉ ተደምሮ 2000 ካሬ ሜትር ነው፤ ለመተላለፊያ መንገድ ቢጨመርበት ሩብ ሄክታር። ዘሩም ከመጠባበቂያው ጋር ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው። አያችሁ፣ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም።

ይህ የ10 በ10 ማሳ አንድ ሌላ ጥቅም አለው። 100 ካሬ ሜትር የአንድ ሄክታር መቶኛ ነው። ኩንታልም መቶ ኪሎ ነው። እንግዲህ ልጁ ከማሳው ያገኘው ኪሎ ቁጥር በሄክታር የሚገኘው የኩንታል ቁጥር ነው ማለት ነው። 18 ኪሎ ያገኘ ልጅ በሄክታር 18 ኩንታል አገኘ። ጎረቤቱ 31 ኪሎ ካገኘ 31 ኩንታል ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው «ለምን ተለያየ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ቀድሞ ዘርቷል፤ አንዱ አረሙን አዘግይቷል፤ የአንዱ ማሳ ዝቅ ያለ ነው። መምህር መቶ ጊዜ ከሚናገረው ይህ ጥያቄ ይበልጣል።

ከመዝራት በፊት ዘሩን መፈተን ያስፈልጋል። መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንዳይደርቅ እየጠበቁ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ የበቀለውን መቁጠር ነው። ከመቶው 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው። ከዚያ ካነሰ ዘር መለወጥ፣ ሌላ ከሌለም አብዝቶ መዝራት ይገባል። ይህን ለማወቅ ከጨርቅና ከውሃ በስተቀር ምንም አያስፈልግም።

ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ተምችን መጠበቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች በቆሎን በጣም ይወዳል። ቀን ቀን በተክሉ እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚውል ሳይታይ ይጎዳል። ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን በማለዳ እየዞሩ በቅጠሉ ላይ የተከመረውን እንቁላልና በእምብርቱ ውስጥ ያለውን ትል በእጃቸው እየለቀሙ ቢጨፈልቁ፣ ያዩትንም ቢመዘግቡ፣ ማሳቸውን ከማዳን አልፈው ለወላጆቻቸው ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። መርጫ መድኃኒት ግን በልጅ እጅ እንዲገባ ፈጽሞ አንፈቅድም።

በመጨረሻ የአቀማመጥ ነገር። ብዙ ቤተሰብ የሚራበው ሳያመርት ቀርቶ ሳይሆን ያመረተው በነቀዝና በሻጋታ አልቆበት ነው። በቆሎው መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ፍሬና ጥቂት ደረቅ ጨው አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መነቅነቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ይሰጣ። ካልተለጠፈ ይከተት። ይህን ያወቀች የሰባተኛ ክፍል ልጅ እናቷን ከኪሣራ ታድናለች።

ሴቶች ልጆችን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር በግልጥ እንናገር። በየቤታችን እርሻውንም፣ ውሃውንም፣ እንጨቱንም የሚይዙት በአብዛኛው እናቶችና ሴቶች ልጆች ናቸው። የወጣቶች እርሻ ተብሎ ወንዶቹ ብቻ ከተሰበሰቡ ሥራውን የሚያውቁት ውጭ ቀሩ ማለት ነው። ስለዚህ ግማሹ ማሳ ለሴቶች ልጆች ይሁን። ወላጆችም በእነዚያ ሁለት ቀኖች ልጆቻቸውን ከውሃና ከእንጨት ሥራ ነፃ ያድርጓቸው። በቀረው ሥራ ላይ ተጨማሪ ሸክም ከሆነባቸው ትምህርትነቱ ይቀራል።

መምህሮቹ እነማን ይሁኑ? የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የትምህርት ቤቱ መምህር አሉ። ከእነርሱ እኩል ግን የወንዝ ዳር ሽማግሌዎችና እናቶች በመምህርነት እንዲቀመጡ እንጠይቃለን። የአኝዋ አባት ስለ ውሃው መሸሽ፣ የኑዌር አባት ስለ ከብትና ስለ ፍግ፣ የኦፖ እናት ስለ ዘር አመራረጥ፣ ከደጋ የመጣው ጎረቤታችን ስለ ሽንኩርትና ጎመን አተካከል ይንገሩ። በቋንቋቸው ይናገሩ፤ ልጆቹ ለጓደኞቻቸው ያስተርጉሙ። አንድ የአኝዋ ልጅና አንድ የኑዌር ልጅ ማሳቸው ድንበር ለድንበር ሆኖ፣ አንዱ ለሌላው ፍየል እየጠበቀ አንድ በጋ ቢያሳልፉ፣ ክፉ ወሬ በመጣ ቀን ቢያንስ አንዱ የሌላውን ስም ያውቃል። ይህ ግጭትን ሁሉ ያጠፋል ብለን አንመካም። ለሰላም ከሚደረገው ንግግር ላይ ግን የሚታይ ነገር ይጨምራል።

የሚነሡ ተቃውሞዎችም አሉ፤ ሰምተናቸዋል። «ልጁ ከትምህርቱ ይሰናከላል» ለሚለው፣ የምንጠይቀው በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ሂሳቡንና ሳይንሱን ደግሞ በማሳው ላይ ይማረዋል። «መሬት ከየት ይመጣል?» ለሚለው፣ ሩብ ሄክታር ነው የምንፈልገው። የወንዝ ዳር ይዞታ ያላችሁ ሁለት ወይም ሦስት አባሎች ለአንድ በጋ ብትፈቅዱ ይበቃል፤ ባለቤትነታችሁ እንዳለ ይቆያል። «ማን ይገዛዋል?» ለሚለው፣ እሸት በኢታንግ ገበያ ከርሞ አያውቅም። «ባሮ አዞ አለበት» ለሚለው፣ እውነት ነው፤ ስለዚህ ማሳው ከውሃው ጠርዝ ራቅ ያለ ይሁን፤ ያለ ትልቅ ሰው ማንም ልጅ ወደ ወንዝ አይውረድ። «ውሃው ቢመለስስ?» ለሚለው፣ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ዘሩ ሁሉ በአንድ ቀን አይዘራም፤ ሽማግሌዎቹ እንደሚያደርጉት ደረጃ በደረጃ ይዘራል። መጠንቀቅንም መማር ትምህርት ነው።

አዝመራው ሲደርስ ክፍፍሉ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ከአሥር ኪሎ ሰባቱ ለልጁ፣ ሁለቱ ለሚቀጥለው ዓመት ዘርና መሣሪያ፣ አንዱ ላስተማረው ሽማግሌ እንዲሆን አሳብ እናቀርባለን። ልጁ ድርሻውን ቢሸጠው ገንዘቡ ለደብተሩና ለልብሱ ይሁን። አባት ተቀብሎ ለሌላ ነገር እንዳያውለው አደራ እንላለን።

አሁን እድራችን ምን ያድርግ? የቀብር ገንዘባችን አይነካ። ያ የሙታን አደራ ነው። የመቃብሩም ዶማና አካፋ ከቦታው አይነሣ። እኛ የምንጠይቀው ይህን ብቻ ነው።

አንደኛ፤ ለዘርና ለአሥር ዶማ መግዣ በፈቃደኝነት የሚሰጥ ልዩ መዋጮ ይከፈት፤ ሂሳቡም ለብቻው ይያዝ።

ሁለተኛ፤ መሬት የሚፈቅዱና ለማስተማር ፈቃደኛ የሆኑ ሽማግሌዎችና እናቶች ስማቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግቡ።

ሦስተኛ፤ የእድሩ አዳራሽና ወንበር በመዝሪያና በመመዘኛ ቀን ለልጆቹ ስብሰባ ይፈቀድ።

አራተኛ፤ እድራችን አንድ የባሮ መዝገብ ይክፈት። የመጨረሻው በጣም ከባድ መስሎ የማይታይ፣ ጥቅሙ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። እድር መዝገብ መያዝ ያውቃል። ማን መቼ እንደ ሞተ፣ ማን ስንት እንደ ከፈለ እናውቃለን። እንግዲህ በሌላ ደብተር ላይ ደግሞ ባሮ በዚህ ዓመት በስንት ቀን ከዳርቻው ወጣ፣ በስንት ቀን ሸሸ፣ እነማን መቼ ዘሩ፣ ስንት ኪሎ አገኙ፣ ሽማግሌዎችስ ምን ምልክት አይተው ነበር የሚለውን ልጆቹ ይጻፉ። ጸሐፊው በየወሩ ይፈርምበት። ከአሥር ዓመት በኋላ ይህ ደብተር ያ ሁሉ ትራክተር ያመጣው ኩባንያ ያልነበረው ዕውቀት ይኖረዋል። ነገ ሌላ ባለሀብት ወይም መንግሥት መሬታችንን ሊያለማ ቢመጣ ልጆቻችን ደብተሩን ገልጠው «እዚህ ውሃ ይተኛል፤ እዚያ አይተኛም» ብለው ሊናገሩ ይችላሉ። ዛሬ ግን እንዲህ ብሎ በጽሑፍ የሚመልስ የለም።

ጊዜው አጭር ነው። ውሃው የእኛን ስብሰባ አይጠብቅም። በመስከረም መጨረሻ ሲሸሽ ዘሩ ተፈትኖ፣ የልጆቹ ስም ተመዝግቦ፣ ማሳው ተለይቶ መገኘት አለበት። ይህ ካልሆነ ለሌላ ዓመት ይቀራል። እስከ ሌላው ዓመት ደግሞ ስንት ሽማግሌ እንደሚቆየን ከእድር አባል የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የተከበራችሁ አባሎች፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ሩብ ሄክታርና ስድስት ኪሎ ዘር ለእድራችን ከባድ አይደለም። ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊው በበሩ አጠገብ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። መሬት ያላችሁ መሬታችሁን፣ ዕውቀት ያላችሁ ዕውቀታችሁን፣ ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን አስመዝግቡ።

 ፈጣሪ ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ያቆይልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።